ልጃችሁ የት ይዋል? በደሴና በኮምቦልቻ ለሚሠሩ ወላጆች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ እናትም አባትም ከቤት ውጭ በሚሠሩበት ቤተሰብ ውስጥ ልጅ ሲወለድ፣ የወሊድ ፈቃዱ ሳያልቅ መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ «ልጁን ማን ይያዝ?» የሚለው ነው። አማራጮቹ በተግባር አምስት ናቸው፤ አያት ወይም የቅርብ ዘመድ፣ አብራ የምታድር ወይም ተመላላሽ ሞግዚት፣ በገዛ ቤቷ ልጆች ተቀብላ የምታውል ጎረቤት፣ የሕፃናት ማቆያ፣ አልያም ባልና ሚስት በሽፍት እየተፈራረቁ መያዝ። እያንዳንዱ አማራጭ የሚያዋጣበት ዕድሜና የሥራ ሁኔታ ስላለው፣ ለአንዱ ቤት የሠመረው ለሌላው ቤት ላይሠምር ይችላል።

በዚህ መመሪያ መጀመሪያ የሚታየው የወላጆቹ የሥራ ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ የልጁ ዕድሜ፤ ከዚያም ልጁ በሚውልበት ቦታ ከያዘችው ሴት ሌላ ስንት ዐዋቂ ሰው በቀን ውስጥ እንደሚያየው ይመዘናል። ይህ ሦስተኛው መመዘኛ በብዙ ወላጆች ዘንድ ሲታለፍ አያለሁ፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምይዘው እሱን ነው። አፉን ያልፈታ ልጅ ስለ ውሎው ሊናገር አይችልምና ሌላ ሰው ሊያይለት ይገባል። ዋጋም የግድ ይታሰባል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ሲታይ ርካሽ የመሰለው አማራጭ ከሥራ በመቅረትና በሕክምና ወጪ ውድ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ከሦስቱ በኋላ ቢሰላ ይሻላል።

ሰዓቱን ቀድሞ መቁጠር

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በተለመደው ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል፤ ዓርብ ጠዋት 5፡30 ላይ ስለሚወጣም ሳምንቱ 39 ሰዓት ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር የሚተዳደር የፋብሪካ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ግን መደበኛ ሰዓቱ በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 48 ሊደርስ ስለሚችል፣ ቅዳሜም ሥራ ይኖረዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ የሚከፈት ማቆያ ለመጀመሪያዋ እናት ሙሉ መፍትሔ ሲሆን ሁለተኛዋን እናት ቅዳሜ ጠዋት ልጅ ታቅፋ ሰው ፍለጋ እንድትሄድ ያደርጋታል። ስለዚህ አማራጮችን ከማወዳደራችሁ በፊት ከቤት ከምትወጡበት ደቂቃ ጀምሮ እስከምትመለሱበት ድረስ ያለውን ሰዓት ለሰባቱም ቀን በወረቀት ላይ ጻፉ፤ የባጃጅና የሚኒባስ ጥበቃውንም ጨምሩበት። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናትና በቅርብ ያለ የሚመስል ማቆያ ልጅ ታቅፎ በክረምት ጭቃ ሲኬድበት ሩቅ ነው።

በደሴ ኖሮ በኮምቦልቻ የሚሠራ፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ የሆነ ቤተሰብ ተጨማሪ ጥያቄ አለበት፤ ልጁ ከቤት አጠገብ ይዋል ወይስ ከሥራ አጠገብ? ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በጠዋት ጭጋግና ብርድ ተጠቅልሎ የወጣ ሕፃን ቁልቁል ሲወርድ ላብ ያጠምቀዋል፤ ማታ ደግሞ ወደ ብርዱ ይመለሳል። በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ ሕፃን በጭን ላይ ይዞ ጠመዝማዛውን መንገድ በየቀኑ ሁለት ጊዜ መመላለስ ከድካሙም በላይ አደጋ አለው። በእኔ አመለካከት ከስድስት ወር በላይ የሆነውን ልጅ በምትኖሩበት ከተማ ማዋል ይመረጣል፤ ከስድስት ወር በታች ለሆነውና ጡት ለሚጠባው ግን፣ የሚቻል ከሆነ እናቲቱ ለእነዚያ ጥቂት ወራት በሥራዋ ከተማ ዘመድ ቤት ብትቀመጥ ወይም አንድ ክፍል ብትከራይ ይሻላል።

ፈቃዱ ካለቀበት ቀን እስከ ስድስተኛው ወር

ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ለአባት የሚሰጠው ግን 3 ቀን ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ ነበር። የጤና ምክሩ ደግሞ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃም ቢሆን እንዳይቀምስ ነው። በሕጉና በጤና ምክሩ መካከል የሚቀሩት ሦስት ያህል ወራት የብዙ እናቶች ወተት የሚደርቅባቸው፣ የብዙ ሕፃናትም ተቅማጥ የሚጀምርባቸው ናቸው። የዓመት ፈቃድ ያላችሁ እናቶች ከወሊድ ፈቃዱ ጋር አያይዛችሁ መውሰድ እንድትችሉ ከሰው ኃይል ክፍል ጋር ገና ነፍሰ ጡር ሳላችሁ ተነጋገሩ፤ ቀኑ እንዴት እንደሚቆጠርም በጽሑፍ እንዲነገራችሁ ጠይቁ።

የተጠቀሰው የ2010 አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ክፍል ካለ፣ ለዚህ ዕድሜ ከእሱ የተሻለ አማራጭ የለም፤ እናት በሁለትና በሦስት ሰዓት ልዩነት ወርዳ ታጠባለችና። በግል ፋብሪካዎች ያሉ እናቶች ደግሞ ጥያቄውን ለየብቻ ከማቅረብ ይልቅ በሠራተኛ ማኅበራቸው በኩል በኅብረት ስምምነት ድርድር ውስጥ እንዲገባ ቢያደርጉ ይበጃቸዋል። አሥር እናቶች ተፈራርመው የሚጠይቁትን አንዲት ንጹሕ ክፍል መከልከል ለአሠሪ ቀላል አይሆንም።

ክፍሉ ከሌለ ወተቱን አልቦ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ይህንንም ሕፃኑን የሚይዘው ሰው ሁሉ፣ አያትም ትሁን ሞግዚት፣ ሊያውቀው የሚገባ ሙያ ነው። እናት እጇን በሳሙና ታጥባ በተቀቀለና ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ታልባለች። ወተቱ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ ውስጥ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የደሴ ቤቶች በአብዛኛው ቀዝቃዛ ስለሆኑ ጥላ ያለበት መደርደሪያ ለአራቱ ሰዓት ይበቃል፤ በኮምቦልቻ ግን በበጋው ቀትር ላይ የክፍሉ ሙቀት ከዚህ ሊያልፍ ስለሚችል በፍሪጅ ወይም በረዶ ባለበት ሳጥን መያዝ የግድ ነው፤ መብራት የሚጠፋበት ቀን እንዳለም አትርሱ። ወተቱ የሚሞቀው ዕቃውን በሙቅ ውኃ ውስጥ በማስቀመጥ ነው፤ እሳት ላይ አይጣድም። ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደፋል። ጡጦ በደንብ ለማጠብ ስለሚያስቸግር በትንሽ ሲኒ ማጠጣት ይመረጣል፤ ሕፃን በሲኒ መጠጣትን በጥቂት ቀናት ይለምዳል።

አያት

አያት ለልጁ ያላት ፍቅር በገንዘብ አይገዛም። ሕፃኑ ሲታመም አትቀርም፤ ሲያለቅስ አትሰለችም፤ የቤቱን ቋንቋ፣ ጸሎትና ወግ የምታስተላልፈውም እሷ ናት። በወሎ ደግሞ ወላጆቻቸው ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሄዱባቸውን ልጆች ተቀብለው ያሳደጉ አያቶች ብዙ ስለሆኑ፣ አያት ልጅ ማሳደጓ የተከበረና የተለመደ ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሦስት ነገሮች በግልጽ መነገር አለባቸው።

አንደኛው ጉልበት ነው። የሦስት ወር ሕፃን መያዝ የምትችል የ65 ዓመት ሴት፣ መሮጥ የጀመረውን የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ በደሴ ደረጃና ዳገት ላይ መከታተል ላትችል ትችላለች። ደም ግፊት ወይም የጉልበት ሕመም ካለባት ደግሞ እርሷ ራሷ ጠባቂ ያስፈልጋታል። ሁለተኛው ልማድ ነው። ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውኃ ማጠጣት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል ድሮ ለልጅ ደኅንነት ተብለው የተደረጉ ቢሆኑም ሕፃንን ለኢንፌክሽንና ለሞት የሚያደርሱ ናቸው። ይህን ለእናት ወይም ለአማት መናገር ያስጨንቃል፤ ሆኖም «እማዬ፣ ሐኪሙ ከእኛ ጋር አብረሽ እንድትሰሚ ፈልጓል» ብሎ በክትባት ቀን ይዟት መሄድ ከቤት ውስጥ ክርክር ይልቅ ይሠራል። በጾም ወቅት የሚነሣውም ጥያቄ ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ሕፃን እንደማይጾም ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን የጾሙ ድስት ይነካል ተብሎ ዕንቁላሉና ወተቱ ከልጁ ገንፎ የሚቀርበት ቤት አለ። ለልጁ የተለየች ትንሽ ድስትና ማንኪያ መግዛት ይህን በአንድ ቀን ይፈታዋል።

ሦስተኛው የአያቲቱ የራሷ ኑሮ ነው። ከገጠር የመጣች ከሆነ ቤቷ፣ ከብቷ፣ ዕድሯና ጎረቤቶቿ አሉ። መኸር ሲደርስ ወይም ለቅሶ ሲመጣ መሄዷ አይቀርም። «እሷ አለች» ተብሎ ሌላ ሰው ሳይዘጋጅ በቀረበት ቤት፣ ያን ጊዜ እናትየው ከሥራ ትቀራለች። አያትን የመረጠ ቤተሰብ ለእሷ የሚሆን የኪስ ገንዘብ፣ የሕክምናዋን ወጪና በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ከመጀመሪያው ሊመድብ ይገባል። አያት በነፃ የምትገኝ ሠራተኛ አይደለችም።

ሞግዚት

በከተሞቻችን ብዙው ቤተሰብ የሚመርጠው ይህንን ነው፤ አደጋውም ከፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሕፃኑና ሞግዚቷ በተዘጋ ቤት ውስጥ ለዘጠኝና ለአሥር ሰዓት ብቻቸውን ይውላሉ። ብዙ ጊዜ የምትመጣው ከገጠር ወረዳዎች የወጣች፣ ማታ መማር የምትፈልግ፣ ልጅ ይዛ የማታውቅ ወጣት ናት። በዚያው ላይ ወጥ እንድትሠራ፣ ልብስ እንድታጥብ፣ ገበያ እንድትወርድ ትጠየቃለች። ሰኞ ገበያ የወረደች ሞግዚት ሕፃኑን ከማን ጋር ትታው ሄደች? በጀርባዋ አዝላው ከሆነስ በዚያ ግፊያ ውስጥ እንዴት ይዋል? የቤት ሥራና ልጅ መያዝ በአንዲት ሴት ላይ ሲጫን የሚጎድለው ልጁ ነው፤ ድስቱ ሲያርር ይታያል፤ ልጁ ሲያለቅስ ቢውል ግን የሚያይ የለም።

ዕድሜን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን በቀጥታ ባይመለከትም ለሥራ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ የቀን ሥራውን በ7 ሰዓት ይወስነዋል። የፋብሪካ ማሽን ለሰባት ሰዓት ብቻ የሚፈቀድላትን ልጅ፣ ሕፃን አስታቅፎ ከንጋት እስከ ምሽት ማዋል ለሁለቱም ልጆች በደል ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ ለሕፃን ብቸኛ ያዥ አታድርጉ።

ስትቀጥሩ በደላላ ቃል ብቻ አትቀጥሩ። የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ በከተማው የሚታወቅ ዋስ፣ ቀደም ብላ የሠራችበት ቤት ስልክ ጠይቁ፤ ደውላችሁም «ለምን ወጣች?» ብላችሁ አነጋግሩ። ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኗን፣ የማታ ትምህርቷን ሰዓትና ለመልቀቅ ስንት ቀን ቀደም ብላ እንደምታሳውቅ የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል ተፈራረሙ። የወሎ ወጣት ሴቶች ለተሻለ ክፍያ ወደ ውጭ አገር የመሄድ ሐሳብ ስላላቸው ሞግዚት በየጥቂት ወሩ መለወጧ የተለመደ ሆኗል፤ ለሕፃን ደግሞ የለመደው እጅ መለወጡ ትልቅ ነገር ነው። ጥሩ ደመወዝ፣ ለትምህርቷ የተከበረ ሰዓትና የሰው ክብር ያገኘች ሞግዚት ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች፤ ይህንንም ለልጃችሁ እንደከፈላችሁት ቁጠሩት። በምሳ ሰዓት ሳይነገር ብቅ የሚል አባት፣ ቀን ቀን ገርበብ የሚል በርና «ልጁ ሲያለቅስ ከሰማችሁ ደውሉልን» የተባሉ ጎረቤቶች ካሉ ደግሞ ይህ አማራጭ ከአደገኛ ወደ ጥሩ ይለወጣል።

ጎረቤትና የጋራ ሞግዚት

ልጆቿን አሳድጋ ቤት የምትውልና ሁለት ሦስት ሕፃናት ተቀብላ የምትይዝ ሴት በየሠፈሩ አለች። ልምድ አላት፤ በዕድርና በቡና ስለምትተዋወቁ ክፉ ብትሠራ ስሟ ይጠፋል፤ በሯም ሲገባበትና ሲወጣበት ይውላል። በዚህ ምክንያት፣ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ፣ ጥሩዋን ካገኛችሁ ከተዘጋ ቤት ሞግዚት አስቀድሜ እመርጣታለሁ። የምጠይቀው ስንት ልጅ እንደያዘች ነው። ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ከሦስት በላይ ሕፃናትን አንዲት ሴት በአግባቡ ልትይዝ አትችልም፤ እሳት ቢነሣ በሁለት እጇ ይዛ መውጣት የምትችለውን አስቡ።

ሦስት ወይም አራት እናቶች ተሰባስበው አንዲት በሳል ሞግዚት ከአንዲት ረዳት ጋር በአንዳቸው ቤት የሚቀጥሩበት አሠራርም እንደ ዕቁብ ሊደራጅ ይችላል፤ ደመወዙ ተካፍሎ ይቀላል፤ እናቶቹም ተራ በተራ ብቅ እያሉ ያያሉ።

የሕፃናት ማቆያ

የማቆያ ትልቁ ጥቅሙ፣ ከላይ የጠቀስኩት የሌላ ሰው ዐይን በተፈጥሮው ስላለበት ነው። ሁለትና ሦስት ሠራተኞች ይተያያሉ፤ ወላጆች ጠዋትና ማታ ይገባሉ፤ አንዷ ብትታመም ሌላዋ ትተካታለች። ከአንድ ዓመት ተኩል ወይም ከሁለት ዓመት ጀምሮ ደግሞ ልጁ ራሱ ጓደኛ፣ ጨዋታና ወሬ ስለሚፈልግ ጥሩ ማቆያ ከማንኛውም አማራጭ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን የሥራ ቦታ ማቆያ ካልሆነ በቀር የመጨረሻ ምርጫ ነው። ልጅ ማቆያ በገባባቸው የመጀመሪያ ወራት ጉንፋንና ተቅማጥ ይደጋገምበታል፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ደግሞ ጥሩ ማቆያ አይቀበልም፤ ስለዚህ በእነዚያ ወራት ማን ከሥራ እንደሚቀር ባልና ሚስት አስቀድመው ይስማሙ።

ጉብኝቱን ጠዋት በር ላይ ከባለቤቷ ጋር ተነጋግሮ በመመለስ አትጨርሱት። ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ልጆች በልተው በሚተኙበት ሰዓት ሂዱ። በአንድ የደሴ ማቆያ በዚህ ሰዓት ያየሁት እስካሁን ለሌሎች የምጠቅሰው መለኪያ ሆኖኛል። ምሳ ዕቃዎቹ ላይ የየልጁ ስም በፕላስተር ተለጥፏል፤ የምታጎርሰው ሴት ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ማንኪያ ታነሣለች፤ ዳይፐር የቀየረችው ሌላዋ ሠራተኛ ወደ ምግቡ ሳትጠጋ በቀጥታ ወደ ሳሙናው ሄደች፤ አንድ አልበላ ያለ ልጅ ሳይገደድ ውኃ ተሰጥቶት ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተጠየቀ። በግድግዳው ላይ የተሳለ ፊደልና ሥዕል ብዙም አልነበረም። ሌሎች በሥዕል ያሸበረቁ ቤቶች ውስጥ ግን በአንድ ሳህንና በአንድ ማንኪያ አራት ልጅ ሲጎርስ አይቻለሁ።

የመኝታ ክፍሉን ስታዩ ስለ ከሰል ጠይቁ። ደሴ ብርዷ ከባድ ስለሆነ ክፍልን በከሰል ምድጃ ማሞቅ የተለመደ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ይህም የተኛን ሕፃን ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ከሰል የሚያስገባ ማቆያን፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ፣ ተዉት። ይህ ለቤታችሁም ይሠራል። በኮምቦልቻ ደግሞ ጥያቄው ስለ ወባ ነው፤ አልጋዎቹ ወይም መስኮቶቹ አጎበርና መረብ አላቸው ወይ? ከግቢው አጠገብ የረጋ ውኃ አለ ወይ? ከእነዚህ ሌላ ልጁን ከእናንተ በቀር ማን ሊወስደው እንደሚችል የሚመዘገብበት መዝገብ፣ ሁልጊዜ የሚዘጋ የውጭ በር፣ ከልጅ እጅ የራቀ ሶኬትና የፈላ ውኃ፣ ታጥቦ የሚደርቅ ፖፖ መኖራቸውን ተመልከቱ። ሠራተኞቹ ከገቡ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው ለየብቻ ጠይቋቸው፤ ሁሉም አዲስ ከሆኑ የሚያስወጣቸው ነገር አለ። ወላጅ ሳይነግር እንዳይገባ የሚከለክል ማቆያ ካጋጠማችሁ ደግሞ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

በሽፍት መፈራረቅ

በሦስት ሽፍት በሚሠሩ ፋብሪካዎች ውስጥ ባልና ሚስት ሽፍታቸውን አለያይተው ልጁን በራሳቸው እጅ የሚያሳድጉበት ጊዜ አለ። ለልጁ መልካም ነው፤ ወጪም የለውም። ጣጣው እንቅልፍ ነው። ሌሊት ሠርታ የገባች እናት ቀን ሕፃን ይዛ የምታንቀላፋ ከሆነ፣ ሕፃኑ ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው የለውም። ይህን የሚመርጡ ጥንዶች ለሌሊቱ ሠራተኛ ቢያንስ የአራትና የአምስት ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ የሚሰጥ ጎረቤት ወይም ዘመድ አብረው ያዘጋጁ። የሽፍቱ መለዋወጥም በአለቃ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለሆነ ከስድስት ወር በላይ ባይታመኑበት ይሻላል።

ከአራት ዓመት በኋላ

ልጁ አራት ዓመት ሲሞላ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርኣን ቤት፣ ቀጥሎም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለው ቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍል ይከፈትለታል። እነዚህ ለመማር ጥሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ግማሽ ቀን ይዘው ይለቃሉ፤ በክረምት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ይዘጋሉ። ስለዚህ የሚያዋጣው ትምህርት ቤቱን ከተመላላሽ ሞግዚት ወይም ከጎረቤት ጋር ማጣመር ነው። ልጁን ከትምህርት ቤት በር የሚቀበለው ሰው በስም የታወቀ ይሁን፤ የአምስት ዓመት ልጅ አስፋልት ብቻውን እንዲሻገር አይላክ።

ወጪውን ማወዳደር

የሞግዚትን ደመወዝ ከማቆያ ወርሃዊ ክፍያ ጋር ብቻ ማስተያየት ያሳስታል። በሞግዚቷ በኩል ምግቧን፣ መኝታዋን፣ ሳሙናዋን፣ የደላላውን ኮሚሽን፣ ለበዓል የሚገዛላትን ልብስና ስትለቅ ሌላ እስኪገኝ የሚያልፈውን ጊዜ ደምሩ። በማቆያው በኩል መመዝገቢያውን፣ የጠዋትና የማታ ባጃጁን፣ የምሳ ዕቃውን ወጪ፣ ዘግይቶ መውሰድ የሚያስከፍል ከሆነ እሱን፣ እንዲሁም ማቆያው በሚዘጋባቸው ቀናት ሌላ ሰው የምትከፍሉትን ጨምሩ። በአንድ ልጅ ማቆያው ብዙ ጊዜ ሊቀራረብ ይችላል፤ ሁለት ትናንሽ ልጆች ያሉት ቤት ግን ማቆያ ሁለት ክፍያ ሲጠይቀው ሞግዚቷ በአንድ ደመወዝ ሁለቱንም ትይዛለች፤ በዚህ ጊዜ የቤት ሥራውን ከእሷ ላይ አውርዶ ለሳምንታዊ ልብስ አጣቢ መስጠት የተሻለ ሒሳብ ነው።

ርክክቡ

የትኛውንም ብትመርጡ ልጁን የሚይዘው ሰው ሥራ የሚጀምረው እናት ሥራ በምትገባበት ቀን መሆን የለበትም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እናት አብራ ትሁን፤ ቀጥላ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ ለግማሽ ቀን ትውጣ፤ ወተቱን በሲኒ ማጠጣት በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይለመድ። ልጁ በሚውልበት ቤት ግድግዳ ላይ የሁለቱ ወላጆች ስልክ፣ የቅርብ ጤና ጣቢያ፣ ልጁ የማይስማማው ምግብ ወይም መድኃኒት ካለ እሱ፣ እንዲሁም የክትባት ቀኖቹ በትልቁ ተጽፈው ይለጠፉ። ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ኩፍኝ ደግሞ በ9 እና በ15 ወር ነው፤ የ14ኛው ሳምንት ክትባት እናት ወደ ሥራ ከምትመለስበት ሰሞን ጋር ስለሚገጥም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እሱ ነው። ማን ይዞት እንደሚሄድ ፈቃዱ ሳያልቅ ወስናችሁ ከቀኑ ጎን ስሙን ጻፉበት።